ዛሬ መናኸሪያ

ዛሬ ጠዋት ጎንደር መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ሙሉ መኪና ጠበቅኩ። አጠገቤ ከደባርቅ የመጡ እናት፣ አንድ ማዳበሪያ ገብስ ይዘው ቆመዋል። «ልጄ፣ የባሕር ዳሩ የትኛው ነው?» ይሉኛል በየደቂቃው። ምን ያድርጉ? ሰሌዳ የለ፤ ያለው የረዳት ጩኸት ነው። ከተማችን እኮ የደባርቅ፣ የመተማ፣ የሁመራና የባሕር ዳር መንገድ መገናኛ ናት!

እንደኛው መገናኛ የሆነችው፣ ግን የባቡር መገናኛዋ አዋሽ ከተማ ትዝ አለችኝ። ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ወደ ኮምቦልቻና ወልዲያ የተጀመረው መስመር የሚገነጠለው እዚያ ነው።

ለጎንደርም ባቡር እመኛለሁ፣ አልዋሽም። እስከዚያው ግን ጥላ ያለው መቀመጫና የመነሻ ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳ ይኑረን።

እማማ መኪና ያገኙት አምስት ሰዓት ላይ ነው። ገብሱን አብረን ጫንን።