በ«ተመስገን» የተዘጋ ፋይል

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ ነው። ከባድ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ወላጆች በፎርምና በኢንሹራንስ ጣጣ ሲያዙ አብሬያቸው እሯሯጣለሁ። የሐበሻ ቤተሰብ ከሆነ ፋይሉ ሳይጠየቅ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወርዳል።

አንድ አባት ደብዳቤ አጣጥፎ ይዞ መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የስድስት ዓመት ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት፣ የሚጥል በሽታም ተደርቦበታል። ምግብ የሚሰጠው ሆዱ ላይ በገባ ቱቦ ነው። አባትየው ትርፍ ሰዓት ሲሠራ የቤተሰቡ ገቢ ከጣሪያው አለፈና ሜዲኬይዱ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የጤና ሽፋን፣ ሊቋረጥ ነው።

«ሥራ ልቀንስ ወይስ የፍቺ ወረቀት ልፈርም?» አለኝ።

ቀልዱን አልነበረም። የአባት ገቢ እንዳይቆጠር በወረቀት ተፋቱ ብሎ የሚመክር ሰው በየቡናው ላይ አይጠፋም።

ሁለቱም አያስፈልግም ነበር። በ1981 (እ.ኤ.አ.) አዮዋ ስቴት ውስጥ ኬቲ ቤኬት የምትባል ሕፃን ነበረች። አንጎሏን ካጠቃት ኢንፌክሽን በኋላ የምትተነፍሰው በማሽን ነበር። ሆስፒታል እስከተኛች ድረስ ሜዲኬይድ ይከፍላል። ቤቷ ከገባች ግን የወላጆቿ ገቢ ይቆጠርና ክፍያው ይቆማል። ቤት ማስታመሙ ደግሞ እጅግ ይረክስ ነበር! ፕሬዚዳንት ሬገን ነገሩን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አነሱት፤ በ1982 ሕጉ ተሻሻለ። ስለዚህ ልጁ ከ19 ዓመት በታች ከሆነ፣ የአካል ጉዳቱ በሶሻል ሴኩሪቲ (በፌዴራሉ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት) መስፈርት የሚያልፍ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው እንክብካቤም የሆስፒታል ወይም እንደ ነርሲንግ ሆም ያለ ተቋም ደረጃ ያለው ከሆነና ቤት የማስታመሙ ወጪ ከተቋሙ ካልበለጠ፣ ስቴቱ የወላጆቹን ትቶ የልጁን ገቢ ብቻ ማየት ይችላል። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ገቢ አለው? ስቴቶች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ ፕሮግራሙን በሌላ ስም ይሰጣል፣ አንዳንዱ ጋ ወረፋው ረጅም ነው።

መጀመሪያ የማቋረጫው ቀን ሳይደርስ ይግባኝ አስገባን። ከዚያ ቀን በፊት ከተጠየቀ ውሳኔው እስኪሰጥ ሽፋኑ ይቀጥላል። ደብዳቤ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ የምትከቱ ወላጆች፣ ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። ጎን ለጎን በኬቲ ቤኬት መንገድ አመለከትን። ገምጋሚ ቤታቸው ሄደች። ከዚያ መልሱ መጣ፦ ልጁ የተቋም ደረጃ እንክብካቤ አያስፈልገውም።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ይግባኝ የጠየቀ ሰው ፋይሉን የማየት መብት አለውና አስመጣነው። ግምገማው ላይ «ልጁ ደህና ይተኛል። በአመጋገብ ችግር የለበትም። እናትየው የሚያሳስባት ነገር የለም» ይላል። ቱቦው ከሐኪሙ ወረቀት ላይ ተገልብጦ አንድ መስመር ብቻ ተጽፎለታል።

በዚህም ላይ ይግባኝ አልን። የስቴቱ መሥሪያ ቤት ድጋሚ ግምገማ ሲፈቅድ አብሬ ሄድኩ።

ቤቱ ተወልውሎ ያበራል። ልጁ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ፣ ፀጉሩ ተበጥሮ ተቀምጧል። ሶፋው ጥግ አንድ ነገር ነጠላ ተጎናጽፎ ቆሟል። መሶብ መስሎኝ ነበር። ገምጋሚዋ ትጠይቃለች፣ እናትየው ትመልሳለች።

«ሌሊት እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ደህና ነው።»

«መመገቡስ?»

«ምንም አያስቸግረኝም። የዋህ ልጅ ነው።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አየሁት። ገምጋሚዋን አስፈቅጄ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፦ «እህቴ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ተኛሽ?»

ሳቀች። «የምን መተኛት አመጣሽ?»

ይሄኔ ጥግ ላይ የተቀመጡት አያት ትዕግሥታቸው አለቀ። «ንገሪያት እንጂ! ምን ያሽኮረምምሻል?» ብለው ተነሱና ነጠላውን ገፈፉት። ለካ የአክታ መምጠጫው ማሽን ነው። እናትየው እንግዳ እንዳይጨነቅ ብላ ነው የሸፈነችው። አያትየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደርም አወረዱት። ልጁን በጣለው ቁጥር ቀኑ ላይ ጭረት ያደርጋሉ። ገምጋሚዋ ጭረቶቹን መቁጠር ጀመረች።

ከዚያ በኋላ እናትየው አፏ ተፈታ። ሌሊት እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች። አክታ ሲያንቀው ትመጥጥለታለች። የቱቦው ማሽን ሲጮህ ትነሳለች። ሥራ ከለቀቀች ቆየች። ገምጋሚዋ ደጋግማ «ቀስ በይ፣ ልጻፈው» ትላት ነበር።

ስንወጣ በሩ ላይ ለምን እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። «በልጄ ላይ ክፉ ልናገር? ደግሞ አልቻለችም ብለው ቢወስዱብኝስ?» አለች። ሁለቱንም ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ግን ቅጹ የእናት ብርታት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የሚጠይቀው ልጁ ብቻውን ምን ይችላል፣ ሌላ ሰው ምን ያደርግለታል የሚለውን ነው። እሷ ስለምትመግበው «መመገቡ ደህና ነው» ብትል፣ የእሷ ድካም ወረቀቱ ላይ የልጁ ችሎታ ሆኖ ይመዘገባል። አሁን ከግምገማ በፊት ለወላጆች የምለው አጭር ነው፦ ቤቱን አታጽዱ፣ ማሽኑን አትሸፍኑ፣ የባሰውን ሌሊት ተናገሩ። ተመስገኑን ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ አቆዩት። አንዳንዶቹ ይቆጡኛል።

የዚህኛው ልጅ ማመልከቻ ጸደቀ። የአባትየው መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ቀድሞ ይከፍላል፣ ሜዲኬይድ የቀረውን ይሸፍናል። ትርፍ ሰዓቱንም አልተወም። ለሌሊት ነርስ ሰዓት ተፈቅዶላቸዋል፤ ነርስ ግን የለም። ኤጀንሲዎቹ «ሰው አጣን» ይላሉ። አሁን የምንጨቃጨቀው ከነሱ ጋር ነው።