የሩፋኤል ዝናብ

ጳጉሜን 2 ማታ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ገባሁ። አንዲት ወረቀት ለማስጨረስ ነው የመጣሁት። ያደርኩት አራት ኪሎ፣ አክስቴ ቤት ነው። እቴቴ ነው የምንላት።

ጠዋት ስነሳ ግቢው በዕቃ ተሞልቷል። ባልዲ፣ ሳፋ፣ አፉ የተቆረጠ ጄሪካን፣ ትልቁ ድስት ሳይቀር ተደርድሯል።

«ውሃ ጠፋ እንዴ?» አልኳት።

«ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው! ሐዋሳ ሄደህ ሁሉንም ረሳኸው?»

እውነትም ረስቼው ነበር። ጳጉሜን 3 የመልአኩ የሩፋኤል በዓል፣ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው፤ ካህናቱ ርኅወተ ሰማይ ይሉታል። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው። እኔ ግን ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ፒያሳ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። የማውቃቸው ቤቶች አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ድሮ ማኪያቶ የጠጣሁበትን ጥግ ፈልጌ አጣሁት። የሄድኩበት ቢሮ «ሲስተም የለም» አለኝ። እዚያ ላይ አልቆይም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ስመለስ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ዝናቡ ወረደ። ክረምቱን ሙሉ ይኼ ከተማ ጠብ ሲል በረንዳ ስር የሚሮጥ ነው። አሁን የሚሮጠው ወደ ውጭ ሆነ። ከየጉራንጉሩ ልጆች በቁምጣ ፈነዱ። «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ይዘላሉ። የታክሲ ሰልፍ ላይ የነበረች ዘናጭ ሴት ሻሿን ፈትታ ፊቷን ወደ ላይ አቀናች። ሜካፑ ወረደ፤ ግድም አልሰጣት። አንድ ሊስትሮ የቀለም ሳጥኑን በላስቲክ ሸፍኖ፣ የውሃ ጣሳውን ብቻ ክፍት አድርጎ ዝናቡ መሀል አስቀመጠው። ይኼ ልጅ ነገ የሚጠርገው ጫማ የታደለ ነው።

አጠገቤ የቆሙ አዛውንት ጃንጥላዬን ቀና ብለው አዩት። «ዛሬም ጥላ ይያዛል፣ ልጄ?» አጠፍኩት።

ቤት ስደርስ እቴቴ ከእግር እስከ ራሴ አይታኝ፣ ፎጣ ሳይሆን ቡና ሰጠችኝ። «ይድረቅ በራሱ» አለች። ከዚያ የዓሣውን ታሪክ ጀመረች። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ በአንዲት ደሴት ላይ ለሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ያሠራል። ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ እያለ ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለች። ደሴት የመሰላቸው ለካ የዓሣ አንበሪ ጀርባ ነው! ለዘመናት ተኝቶ አሸዋ ሞልቶበት ኖሯል። ሕዝቡ ሲጮህ ሩፋኤል መጥቶ በዘንጉ ወጋና «ጸጥ ብለህ ቁም» አለው። ዓሣውም ቆመ።

«ከዚያስ?» አልኳት፤ እንደ ልጅነቴ።

«ከዚያማ ቅዳሴው ቀጠለ!»

እኔን የገረመኝ ሩፋኤልና ዓሣ አለመለያየታቸው ነው። በመጽሐፈ ጦቢትም ሰው መስሎ ከጦብያ ጋር መንገድ ይሄዳል፤ የጦብያን አባት ዓይን የሚያበራው የዓሣ ሐሞት ነው። የጎረቤት ነፍሰ ጡር ደግሞ ሌላውን ሩፋኤል ነው የምታውቀው፤ ፈታሔ ማኅፀን የሚባለውን፣ ምጥ የሚያቀለውን። ማታ ጀግ ይዛ መጥታ ከባልዲው ቀዳች። እቴቴ የቀረውን ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ ማቡኪያ አስቀመጠች። ለእኔ አንድ ሃይላንድ ሞላችልኝ፤ «አንተ መንገደኛ ነህ፤ እሱም የመንገደኛ ነው» ብላ።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ መስቀል አደባባይ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ሃይላንዱን ከመቀመጫው ኪስ ከተትኩት። ውስጡ ትንሽ የቆርቆሮ ጉድፍ ይንሳፈፋል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አዩት።

«የትናንቱ ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።