ረቡዕና ዓርብ

ዛሬ ዓርብ ነው። በልጅነቴ ረቡዕንና ዓርብን የምጾመው እናቴ ስለምትጾም ብቻ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቃት ረቡዕ ጌታን ለመያዝ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ቀን መሆኑን ትነግረኛለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 በቁስጥንጥንያ በአንድ የብራና መጽሐፍ ውስጥ የተገኘችውን ዲዳኬ የምትባለውን አጭር ትምህርተ ሐዋርያት ደግሜ አነበብሁ። በስምንተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ግብዞች ሰኞና ሐሙስ ስለሚጾሙ እናንተ ረቡዕና ዓርብ ጹሙ ትላለች። ስለ ምክሩም ሆነ ስለ ስቅለቱ በዚያ ቦታ አንድም ቃል የለም።

መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ የእናቴን መልስ የነጠቀችኝ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ በሉቃስ ወንጌል በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ያለው ፈሪሳዊ ትዝ አለኝ። ጾሙ ያው ጾም፣ ቁጥሩም ያው ሁለት ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ዲዳኬ ቀጥላ የምታዘው አባታችን ሆይም በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጸለይ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ መጸለይን ደግሞ ዳንኤልም በባቢሎን ያውቀው ነበር። ግብዞች የሚለው ቃል ዛሬም ይከብደኛል፤ ሆኖም ከጥላቻው ይልቅ የሚታየኝ፣ ከአንድ ቤት ወጥተው እጅግ ስለሚመሳሰሉ በቀን ካልሆነ በቀር የሚለዩበት ምልክት ያጡ ሰዎች ጭንቀት ነው። (እኛስ ማተብ የምናስረው ለምን ሆነና!)

ክርስቲያን የሚለው ስም እንኳ ዘግይቶ የመጣ ነው። በሐዋርያት ሥራ አማኞቹ ራሳቸውን የሚጠሩት «መንገድ» በሚል ቃል ሲሆን፣ ክርስቲያን የተባሉት መጀመሪያ በአንጾኪያ ነው፤ በግሪኩ አዲስ ኪዳንም ይህ ስም የሚገኘው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱ ያለበት የጴጥሮስ መልእክት ከተላከላቸው አገሮች መካከል ጳንጦስና ቢታንያ ይገኛሉ።

በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ የሮም ገዥ የነበረው ፕሊኒ፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ምን እንደሚፈርድ ግራ ገብቶት ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራጃን ጽፏል። ክርስቲያን ነህን ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ የጸናውን ያስገድላል፣ የካደውን ለንጉሡ ምስል ዕጣን ያሳጥናል፣ ክርስቶስንም ያሰድባል። ቀድሞ አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች የነገሩት ይህን ያህል ብቻ ነው፦ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፣ ላይሰርቁ፣ ላያመነዝሩ፣ አደራ ላይክዱ ይማማላሉ፣ ኋላም ተመልሰው ተራ ምግብ አብረው ይበላሉ።

ፕሊኒ ይህን አላመነም። እውነቱን ለማውጣት ሲል፣ በማኅበሩ ውስጥ አገልጋዮች የሚባሉ ሁለት ባሪያ ሴቶችን በሥቃይ መረመረ። እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሮም ስለ እኛ ካስቀረቻቸው ጥንታዊ ምስክርነቶች በአንዱ ውስጥ ስለ እምነቱ እንዲናገሩ የተገደዱት ጳጳስ ወይም ሊቅ ሳይሆኑ፣ በሕጉ ፊት የሰው ንብረት የነበሩ ሁለት ሴቶች ናቸውና። ገዥው ያገኘሁት ከልክ ያለፈ ከንቱ እምነት ብቻ ነው ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ ስማቸውንም፣ የመለሱለትንም አልጻፈም።