ፎርማል የእንግሊዝኛ ኢሜይል ለምታስተምሩ፦ ስም ላይ ተጠንቀቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ሥራ ፈላጊዎችን ነው የማስተምረው፣ ብዙዎቹ ኤንጂኦና ኤምባሲ የሚያመለክቱ ናቸው። ሰብጀክት ላይኑ፣ ኮማው፣ አታችመንቱ ምናምን ቶሎ ይገባቸዋል።

ጉዱ ያለው ስም ላይ ነው። ማሰልጠኛው የሰጠኝ ማኑዋል "ሚስተር ወይም ሚስ ብለህ ላስት ኔም ጻፍ" ይላል፣ በቃ። እኛ ጋ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ አቶም ወይዘሮም የምንለው ደግሞ በራስ ስም ነው። ስለዚህ ልጁ በለመደው ሄዶ ለፈረንጁ "ሚስተር ጆን" ይላል፣ ማኑዋሉን ያመነው ደግሞ ኢትዮጵያዊውን ኃላፊ በአባቱ ስም ይጠራዋል። ይሄን ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው "ከውጭ የመጣ ማኑዋል ነው፣ አትነካካው" አለኝ።

ከዛ አንዷ ተማሪዬ ያመለከተችበት መሥሪያ ቤት "ዲር ሚስ" ብሎ የአባቷን ስም አስከትሎ መለሰላት። ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው ብላ ዝም፣ ለኢንተርቪው ኮንፈርም አድርጊ የተባለችበት ቀን አለፈ። ሥራ አስኪያጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? "በደንብ ብታነብ ኖሮ!" እስካሁን ያናድደኛል፣ ልጅቷ እኮ ዕድሜ ልኳን በአባቷ ስም ብቻ የጠራት ሰው የለም፣ ከየት ታምጣው?

አሁን የመጀመሪያው ቀን ላይ ለሁሉም በአባታቸው ስም ኢሜይል እልክላቸውና መልሱ እላለሁ። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፣ አይስላንዶችም እንደኛ በራስ ስም ነው የሚጠራሩት ስላቸው ደግሞ ዘና ይላሉ። ለፈረንጅ ላስት ኔም፣ ራሱ "ፒተር" ብሎ ከፈረመ ግን ፒተር በሉት። ለኛ ሰው በራሱ ስም፣ ዶክተር ከሆነ ደሞ ዶክተርን የረሳ ጉዱ ፈላ።

ማኑዋሉ ሰላምታ ቆርጣችሁ ወደ ጉዳይ ግቡም ይላል፣ እኔ አልስማማም። አንድ መስመር ደህንነት መጠየቅ ማንንም አልጎዳም፣ አንቀጽ ሙሉ እንደምን ሰነበቱ ግን ይቅር።

ቀን ስትጽፉ 3/4 አትበሉ፣ አሜሪካኑ ማርች 4፣ እንግሊዙ ኤፕሪል 3 ብሎ ነው የሚያነበው፣ ወሩን በፊደል ጻፉት። ሰዓትም እንደዛው፣ የኛ ጠዋት 3 ሰዓት የነሱ 9 ነው፣ ኤኤም ፒኤሙን ጨምራችሁ ከጎኑ የአዲስ አበባ ሰዓት በሉ።