36ኛው ወር

ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ከ65 ዓመት በታች ከሆንክና ሜዲኬር ያገኘኸው በኩላሊትህ ምክንያት ብቻ ከሆነ፣ ንቅለ ተከላው ከተደረገበት ወር በኋላ 36 ወር ቆጥሮ ይቆማል።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ሁለት ዓመት የኩላሊት እጥበት፣ ከዚያ እህቴ ኩላሊቷን ሰጠችኝ። ኦገስት 2021 ነው። ሰውነቴ ኩላሊቷን እንዳይገፋ ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት ጠዋትና ማታ። ከዋጋው 80 በመቶውን ሜዲኬር፣ ቀሪውን እኔ። ሥራዬ መኪና መንዳት ስለሆነ በአሠሪ በኩል ኢንሹራንስ የለኝም።

ኦገስት 31፣ 2024 አለቀ። ደብዳቤ ተልኮልሃል አሉኝ። ቤት ቀይሬ አድራሻ አላስተካከልኩም፤ እሱ የራሴ ጥፋት ነው። ያወቅኩት ፋርማሲ ሄጄ "ኢንሹራንስህ አይሠራም" ስባል ነው። እቤት የቀረኝ የ9 ቀን ኪኒን ነበር።

ፓርት ቢ-አይዲ የሚባል የሜዲኬር ሽፋን እንዳለ ሰምቻለሁ። ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ያለ፣ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጠውን መድኃኒት ብቻ የሚሸፍን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "የፓርት ቢ ምዝገባ ጃንዋሪ ነው፣ ያኔ ና" አለችኝ፤ ፓርት ቢ ሐኪምን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል ነው። "እኔ የምለው የመድኃኒት ብቻውን ነው" አልኳት። እንደዚህ የሚባል የለም አለች። አለ! የዚህኛው ምዝገባ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ግን አልተከራከርኩም። ቀበሌ ሲመላለስ ያደገ ሰው "ሌላ ቀን ና" ሲሉት እሺ ብሎ መውጣት ይለምዳል። እስካሁን ያበግነኛል።

ከዚያ የባሰውን ሠራሁ። ኪኒኑን ማብቃቃት ጀመርኩ። ጠዋት እውጣለሁ፣ ማታ እዘላለሁ። የእንቁጣጣሽ ዕለት እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። "ኩላሊቴ እንዴት ናት?" አለችኝ፤ የሁለታችን ቀልድ ነው። "ደህና ናት" አልኳት። በሳምንቱ ክሬአቲኒኔ፣ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው፣ ከ1.3 ወደ 2.1 ወጣ። የንቅለ ተከላ ክፍሏ ነርስ ጮኸችብኝ፤ "ስልካችን ጠፍቶህ ነው?"

እውነቷን ነው። የታማሚዎችን ጉዳይ የምትከታተለው የክፍሉ ሶሻል ወርከር ለጊዜው የሚያቆየኝ መድኃኒት በዚያው ቀን አገኘችልኝና የሜዲኬርን ምዝገባ የሚያካሂደው ሶሻል ሴኪዩሪቲ ለዚሁ ጉዳይ ያቆመውን ስልክ ሰጠችኝ፤ 1-877-465-0355። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ሌላ ኢንሹራንስ እንደሌለኝ አረጋገጥኩ፣ ኦክቶበር 1 ጀመረ። የዚያ ዓመት ክፍያ በወር 103 ዶላር ነበር፤ ከመድኃኒቱም 20 በመቶ በራስህ ነው። ሐኪምና የደም ምርመራ አይሸፍንም።

ደብዳቤ ይመጣል ይሉሃል። አትጠብቅ፤ 33ኛው ወር ላይ ራስህ ደውል። መጀመሪያ ሜዲኬይድ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን ኢንሹራንስ) ወይም ማርኬትፕሌስ (ኢንሹራንስ የሚገዛበትን) ሞክር የሚሉም አሉ። ምክሩ መጥፎ አይደለም፣ ሐኪሙንም ይሸፍናሉ። ግን ወረቀቱ ሲንከባለል ኪኒን ያልቃል። እኔ ብሆን ይህችን የመድኃኒቷን አስይዤ ሌላውን ተረጋግቼ እፈልጋለሁ። ሌላ ሲገኝ በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ከመሄድህ በፊት ደግሞ ሶሻል ወርከርህን ያዝ። መድኃኒት ሊያልቅ ሲል የሚያፍር ሰው እንደኔ ይሆናል።

ክሬአቲኒኑ አሁን 1.6 ላይ ቆሟል። ወደ 1.3 አልተመለሰም። ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም።