የኮሌጅ ቀን ግጥም ለወሎም ይገባል

ስለ ድሮው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ሕንፃውንና የተማሩበትን ትልልቅ ሰዎች ነው። እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ የግጥሙ ነገር ነው።

ኮሌጁ በ1942 ዓ.ም አራት ኪሎ ተመሠረተ። የመሩት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው፣ ኢየሱሳዊ (ጀስዊት) የሚባለው የካቶሊክ ካህናት ማኅበር አባል። ኢየሱሳውያን በአፄ ፋሲል ዘመን ከአገር የተባረሩ ስለሆኑ፣ በዚህኛው ዙር የመጡት የቄስ ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም አስተማሪ ነው።

ተማሪው አዳሪ ነበር። በዓመት አንዴ ደግሞ የኮሌጅ ቀን ይከበራል፤ ስፖርት አለ፣ ግጥም አለ፣ ጃንሆይም ይገኛሉ። እንግዲህ አስቡት፦ ታህሳስ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ፣ ተማሪዎቹም ደግፈው ሰልፍ ወጡ፣ ሙከራው ከሸፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ በዚያው መድረክ ላይ ጃንሆይ ፊት ቆሞ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አነበበ! እንዲህ ያለ ድፍረት ሳስብ እስካሁን ልቤ ይሞቃል። ብዙም ሳይቆይ መድረኩ ላይ ቁጥጥር በዛ፣ አዳሪነቱም ቀረ። ኮሌጁ ራሱ በ1954 ዓ.ም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በተመረቀው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ።

ይሄ የአዲስ አበባ ታሪክ ብቻ አይደለም። በእቴጌ መነን እናት ስም ከተሰየመው ከእኛው የደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ብዙ ናቸው፤ የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋይ የነበረው ዋለልኝ መኮንንም አንዱ ነው። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት በየክፍለ ሀገሩ እየወጡ ያስተምሩ ነበር። ሐሳቡ ሁለቱንም አቅጣጫ ይጓዝ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ደሴም ኮምቦልቻም። አገሩ ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች የተሰየሙበት፣ መንዙማው የሚንቆረቆርበት አገር ነው። እዚህ ግጥም ካልተነበበ የት ሊነበብ ነው?

እንደ እኔ በየዓመቱ አንድ ቀን ለግጥም ይሰጥ። ዳኞቹ ከከተማው ሽማግሌዎችም ከአስተማሪዎችም ይውጣጡ። ባለሥልጣናቱም ይጋበዙና ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ። ግጥሙን ግን ከመነበቡ በፊት ማንም አያጣራው።