የአንድ ማይል ባቡር

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ለእህቴ "እሁድ ባቡር ልሳፈር ነው" አልኳት። "ወዴት?" አለች። "የትም።" እሷ ሊድስ ከገባች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ከቤቷ እስከ ሚድልተን ባቡር፣ ልሳፈርበት እስካሰብኩት አሮጌ መስመር፣ በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ስሙን ግን ሰምታው አታውቅም። ስልኬ ላይ ካርታውን አየት አደረገችና "ይሄ ሀዲድ እኮ ፓርኩ ጋ አለቀ" አለችኝ።

አዎ፣ ያልቃል። ወደ አንድ ማይል ነው፣ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከለገሃር ብትነሳ አራት ኪሎ አያደርስህም። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ አባዬ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ አርጅቶ ነው ጡረታ የወጣው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 780 ምናምን ኪሎ ሜትር ሀዲድ እየሰማ ያደገ ሰው አንድ ማይል ሲሉት ትንሽ ይስቃል። ስቄም ነበር።

ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ አልነበረም። የምተኛው በእህቴ ልጅ አልጋ ላይ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው፣ አልጋውም እንደ ዕድሜው ነው፣ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ውጭ ያድራል። ጎኔ ስር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ የፕላስቲክ ዳይኖሰር አይጠፋም። ሰኔ ላይ እዚህ አገር ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሲል ይነጋል፣ መጋረጃው ስስ ነው፣ ወፎቹ ደግሞ ደሞዝ እንደሚከፈለው ሰው ይጮሃሉ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ተነሳሁና ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ዳቦ በማርማላታ በላሁ።

መኪናውን የእህቴ ባል ሥራ ይዞት ሄዷል። በታክሲ ሄድን። ሹፌሩ የት እንደሆነ አላውቅም አላለንም፣ ግን ሞተርዌይ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። 17 ፓውንድ አለን። እህቴ "ይሄ 9 ፓውንድ ቢበዛ ነው" ብላ ተከራከረች፣ እሱ ሒሳብ መቁጠሪያውን በጣቱ አሳያት። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት ማድረግ የማይገባኝን ነገር አደረግኩ፣ ወደ ብር መነዘርኩት። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አላማረኝም።

ሙር ሮድ ጣቢያ ስንደርስ ባቡሩ ፊሽካውን ነፍቶ እየወጣ ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው፣ እህቴ ጸጉሯን ስታደርቅ ቆይታለች። ትኬቱን እሷ ነች የከፈለችው፣ ስንት እንደሆነ እምቢ ብላ አልነገረችኝም። ወደ ብር ስመነዝር አይታኛለች።

ስንጠብቅ ያገኘነው ሰውዬ ነው ቀኑን ያዳነው። ሰባ ምናምን የሚሆነው፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ የሆነ። የእህቴ ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያየው መጣና ያለ ሰላምታ ማስረዳት ጀመረ። እንደዚህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ፣ ቤታችን ውስጥ አንድ አለ።

መስመሩ የከሰል ማዕድን መስመር ነበር። የድንጋይ ከሰል ማለቴ ነው። ሚድልተን ላይ ከሰል የሚያስቆፍረው ባለርስት ብራንድሊንግ የሚባል ቤተሰብ ነው። ሊድስ ከተማ ደግሞ ከሰሉን ትፈልጋለች፣ ግን መሃል ላይ የሌላ ሰው መሬት አለ። ስለዚህ በ1758 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከፓርላማ አዋጅ አወጡ፣ በፓርላማ አዋጅ የተፈቀደ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ባቡር መስመር ይሄ ነው ይላሉ። ያኔ ታዲያ ባቡር ሲባል እንጨት ሀዲድ ላይ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ነው።

ከዚያ የናፖሊዮን ጦርነት መጣ። ፈረስም፣ የፈረስ ቀለብም ተወደደ። የማዕድኑ ኃላፊ ጆን ብሌንኪንሶፕ "እንፋሎት ይጎትትልን" አለ። ችግሩ ይሄ ነው፣ የዚያን ዘመን የብረት ሀዲድ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው። ከባድ ሎኮሞቲቭ፣ ጎታቹን ማሽን ማለቴ ነው፣ ከጫንክበት ይሰበራል። ቀላል ከሠራህ ደግሞ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ከሰሉን አይጎትትም። ሰውዬው እዚህ ላይ ሲደርስ ዝም አለና ሁለቱን ግራሳም እጆቹን አንስቶ ጣቶቹን እርስ በርስ አቆላለፋቸው። "እንዲህ" አለ። በአንደኛው ሀዲድ ጎን ላይ ጥርስ አወጡለት፣ ሎኮሞቲቩ ላይ ጥርሳም ጎማ ገጠሙ፣ ጥርስ ጥርስን እየነከሰ ይሄዳል። ቀላል ነው፣ አይንሸራተትም። ብሌንኪንሶፕ ሐሳቡን በ1811 በስሙ አስመዘገበ፣ ማቲው መሪ የሚባል የሊድስ ሰው ሠራው፣ በ1812 ሥራ ጀመረ። ስሙም ሳላማንካ። ለነጋዴ ገንዘብ ያመጣ የመጀመሪያው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እሱ ነው። የእህቴ ልጅ ጣቱን ቆላልፎ ጥርሱን ማንቀጫቀጭ ጀመረ፣ እስከ ማታ አላቆመም።

ሳላማንካ በ1818 ውሃ የሚፈላበት ቦይለሩ ፈንድቶ ሹፌሩን ገደለው። የእንፋሎቱን መተንፈሻ ነካክቶት ነው ይባላል። እኔን የገረመኝ ግን የሚቀጥለው ነው። በ1830ዎቹ ሎኮሞቲቮቹ ሲያረጁ ማዕድኑ ወደ ፈረስ ተመለሰ! ሠላሳ ዓመት ገደማ በፈረስ ሠርተው በ1866 ነው እንደገና ወደ እንፋሎት የመጡት። አቦ፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ባቡር ኖሮት ባቡሩ ቆሞበት ወደ ሌላ ነገር የተመለሰ ሰፈር የኛ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ባቡሩ ተመልሶ ገባ። ትንሽዬ ነች፣ የውሃ ታንከሯ እንደ በቅሎ ጭነት ጀርባዋ ላይ ተጭኖ በሁለት ጎን የወረደ። ከዚያው ሰፈር ነው የተሠራችው፣ ሀንስሌት። ድሮ እዚህ ሰፈር ውስጥ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ነበር፣ ለዓለም ሁሉ ይልኩ ነበር። ተሳፋሪ የሚጫንባቸው ፉርጎዎች ደግሞ ድሮ ዕቃ መጫኛ የነበሩ ናቸው፣ መስኮትና ወንበር ገብቶላቸው።

ጉዞው? አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። መጋዘን ጀርባ፣ አጥር፣ የሞተርዌዩ ስር ያለች አጭር ዋሻ፣ ከዚያ ዛፍ። ውበት ፈልጎ የሚመጣ ሰው ይከፋል። እኔ መስኮት ከፍቼ ነበር። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ትኩስ ዘይትና እንፋሎት ፊቴን ሲመታኝ አባዬ ማታ ማታ በር ላይ የሚያወልቀው ቱታ ትዝ አለኝ። እናቴ ቤት ውስጥ አታስገባውም ነበር ያንን ቱታ። ድሬ ያለው ናፍጣ ነው፣ ከሰል አይደለም። ሽታው ግን ከዘይቱ ነው፣ ዘይት ዘይት ነው።

መጨረሻው ላይ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በጎን ባለው ሀዲድ ዞሮ በሌላኛው ጫፍ ይቀጠላል። ወረድንና ሚድልተን ፓርክ ገባን። ጫካው ውስጥ መሬቱ እንደ ሳህን ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነው። ጥንት ሰው ጠባብ ጉድጓድ ቁልቁል ይቆፍርና ታች ላይ ዙሪያውን እንደ ደወል ያሰፋዋል፣ ጣሪያው ሊናድ ሲል ትቶት ጎኑ ሌላ ይቆፍራል። የተተዉት ሰምጠው ነው እንዲህ የቀሩት። እህቴ ለልጇ "እዚህ ጋ ከሰል ያወጡ ነበር" አለችው። እሱ ከሰል የሚያውቀው ከጀበና ስር ነው። "ለቡና?" አላት። ከዚያ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ተንከባለለ፣ ነጭ ሱሪ ነበር የለበሰው፣ ስለ እህቴ ቁጣ አልጽፍም።

ተመልሰን ሻይ ስንጠጣ ሰውዬው መጣና አጠገባችን ቁጭ አለ። ስንት ይከፍሉሃል አልኩት። ሳቀ። "እኔ ነኝ የምከፍለው" አለ፣ የአባልነት። እዚያ የምታየው ሁሉ፣ ትኬት የሚቆርጠው፣ ከሰል የሚያካፋው፣ ኬክ የምትሸጠው፣ በጎ ፈቃደኛ ነው። መስመሩን በ1960 ከሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችና ተማሪዎች ጋር ሆነው ነው የያዙት፣ ማዕድኑ ገና ሳይዘጋ። ማዕድኑ የተዘጋው በ1968 ነው።

ይሄን ለብቻዬ መስማት አልቻልኩም። ለአባዬ ደወልኩ፣ በቪዲዮ። ድሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሙቀቱ የሚበረታበት፣ በካናቴራ ጫት ላይ ቁጭ ብሏል።

"አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች በነፃ ነው የሚሠሩት።"

"በነፃ?" አለ። "ጡረታ ወጥቶ? ሚስት የለውም እንዴ ይሄ ሰውዬ?"

ይሄን አልተረጎምኩም። "ስፋቱን ጠይቀው፣ የሀዲዱን" አለኝ። ጠየቅኩት። 1,435 ሚሊ ሜትር። "የኛ አንድ ሜትር ነው በለው።" አልኩት። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ስልኩ ሳበ። ሎኮሞቲቩ የማን ሥራ ነው ብሎ ጠየቀ። አባዬ "አልስቶም!" አለ፣ እኔን ሳይጠብቅ። ሰውዬው "አህ፣ አልስቶም!" አለ። ሁለቱም አሁን የማያስፈልጋቸው ሰው ማን እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ ሰውዬው "አሁንም ይሠራል?" አለ። ተረጎምኩ። አባዬ ትንሽ ቆየ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማ ውጭ ነው የሚያልፈው፣ የድሮው አዲስ አበባ መድረስ ካቆመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። "ሀዲዱ አለ በለው" አለኝ። አልኩት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ስልኬን ከእጄ ወሰደ። ይዞት ወጣ። በመስኮት አያቸዋለሁ፣ ባቡሯ ጎን በርከክ ብሎ ስልኩን ወደ ጎማው መሃል አስገብቶ ይዞታል። ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

"ፒስተን" ይላል ሰውዬው።

"ፒስተን" ይላል አባዬ።

"ቫልቭ።"

"ቫልቭ፣ ቫልቭ። ፍሬኑስ? ፍሬን!" ፍሬን እንግሊዝኛ አይደለም፣ እንግሊዛዊው አልገባውም። አባዬ በእጁ አየሩን ሲረግጥ ይታያል። ሰውዬው ገባው፣ ስልኩን ወደ ፍሬኑ ጫማ አዞረው፣ አባዬ "አበላሉን ተመልከት፣ በአንድ ጎን ነው የበላው!" እያለ ለማንም በማይገባ አማርኛ ይጮሃል። እንዲህ ሃያ ደቂቃ ቆዩ።

ስልኬ በ4 ፐርሰንት ባትሪና በአንድ ትልቅ የግራሶ አሻራ ተመለሰልኝ። ታክሲ በእህቴ ስልክ ጠራን። የመልሱ 8 ፓውንድ ከ60 ሆነ። እህቴ ደረሰኙን ዓይኔ ስር ይዛ "አላልኩህም?" አለች።